የውባንቺ ጆሮ

ጋሼ ደመቀ ሱቃቸው ውስጥ፣ በገዛ እጃቸው በሠሯቸው የከሰል ምድጃዎች መሐል በግንባራቸው ተደፍተዋል። ከኋላ፣ በመዶሻ፣ ሦስት ጊዜ ተመተዋል። መዶሻው የእህታቸው ልጅ የውባንቺ ጭን ላይ ነው። እሷም ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ሬሳው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ጊዜው 1962 ዓ.ም.፣ ቦታው የመርካቶ ብረት ቀጥቃጮች ሰፈር፣ ምን አለሽ ተራ ነበር።

መርማሪው ሻምበል በሪሁን ከበሩ ላይ «እንደምን ዋልሽ?» አላት። አልዞረችም።

«አይልፉ ሻምበል» አለ ታላቅ ወንድሟ ካሳ። «ከዛሮቿ ጋር ነች። ሲመጡባት ሰው አትሰማም።»

ካሳ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ መልከ መልካም ጎልማሳ ነው። ሻምበሉን የጨበጠው በግራ እጁ ነበር። በጨዋነቱ ተራው ሁሉ የሚምልበት ልጅ፣ በግራ! በሪሁን ትንሽ ነገር መናቅ አይወድምና ይህችን በሆዱ ያዛት።

«ያየኸውን ንገረኝ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ ከሲኒማ ራስ መጣሁ። እዚሁ በሩ ላይ ቆሜ ‹ውባንቺ፣ ምን አደረግሽ?› ስላት፣ ዞር እንኳ ሳትል ‹ግደዪው አሉኝ› አለች። ምን ላድርግ? እህቴ ናት፤ ነገሩ ግን ደም ነው።»

እንባው መጣ። በሪሁን እንባውን አመነ፤ ቃሉን ግን ለጊዜው በይደር አቆየው።

ቀጥሎ የጠራው ጎረቤቱን አሸብርን ነበር። አሸብር በርሜል ቀጥቃጭ ነው፤ ከሟቹ ጋር በቦታ ተጣልቷል ይባላል።

«ተጣልተናል!» ብሎ ጮኸ። «እዚህ ተራ ያልተጣላ ማን አለ? ስድስት ሰዓት ላይ ግን ከሦስት ደንበኞች ጋር ስጨቃጨቅ ነበር፤ ይጠይቋቸው!»

«ምን ያስጮህሃል?»

«ልማድ ነዋ! እዚህ ፊት ለፊት ቆመው ካልጮሁ ማን ይሰማል?»

«ሲመቷቸውስ አልሰማህም?»

«በሃምሳ መዶሻ ላይ አንድ ቢጨመር ማን ይለያል፣ ሻምበል?»

የሟቹ ሚስት እትዬ ደብሪቱ ሦስት ልጆቻቸውን አቅፈው ጓዳ ተቀምጠዋል። ያለቅሳሉ፣ ይቆጣሉም።

«እሷ ልትገድል? ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ! ክንዷ ወደ ላይ ብሎ አይቆይላትም።»

«በሽታው ከየት መጣባት?»

«ከእናቷ ከታንጉት ነዋ፤ ታንጉትም ከእናቷ። የታንጉት እህት ልጆችም እንዲሁ ናቸው። መጀመሪያ የዓይናቸው ቆብ ይከብዳል፣ ክንዳቸው ይዝላል። ኋላ የሌለ ያያሉ፣ የሌለ ይሰማሉ። ባሌንም ዓይኑን ያዘው፤ እግዜር ሲረዳው እዚያው ላይ ቆመለት።»

«ልጆችዎስ?»

«ተመስገን፤ አንዳቸውንም አልነካቸው።»

«ካሳስ?»

«ካሳ ሊያገባ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች አጥንት ቆጣሪዎች ናቸው። ባሌ እሁድ ሽማግሌ ሆኖ ሊሄድለት ነበር፤ ትናንት ግን ‹ዘራችን ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም› አለው።»

በሪሁን የተራው መዶሻ ሁሉ እንዲቆም አዘዘ። ሬሳው በነጠላ ተሸፈነ፣ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጸጥታው ለሰፈሩ እንግዳ ነበር። ሻምበሉ የበርሜል ክዳን አነሣና ከውባንቺ ጀርባ ለቀቀው።

አሸብር «በስመ አብ!» ብሎ ዘለለ፤ ልጆቹ ጮኹ። ውባንቺ ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም።

«ዛር አይደለም፤ ጆሮዋ ደንቁሯል» አለ በሪሁን። «እዚህ ሁሉም ፊት ለፊት ስለሚጮህ፣ እሷም ከከንፈር እየለቀመች ስትኖር ማንም አላወቀም። አንተም አላወቅህም፣ ካሳ። ከበሩ ጠርተሃት ዞር ሳትል መለሰችልኝ አልክ። በጀርባዋ የምትሰማው የሌሉትን እንጂ ያሉትን አይደለም።»

ከዚያ ከንፈሩን እንድታይ ውባንቺ ፊት ቁጢጥ አለ። «መዶሻውን አንሺው።»

ከወረደው የዓይኗ ቆብ ሥር ልታየው አገጯን ቀና አደረገችና በሁለት እጇ አነሣችው። ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ክንዷ ተንቀጠቀጠና ወደቀባት።

«ማነው የሰጠሽ?»

«ካሳ» አለች ያለ አንዳች ጥርጣሬ። «ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝና ‹እነሱ አዘውሽ ገደልሽው› አለኝ። እኔ አላስታውስም። ግን እነሱ ሲናገሩ፣ ሰው ነው ወይስ እነሱ ናቸው ብዬ የምጠይቀው እሱን ነው። ዋሽቶኝ አያውቅም።»

በሪሁን ወንድም ወንድሙን ሲሸጥ፣ ሚስት ባሏን ስታስይዝ አይቷል። እንዲህ ያለውን ግን አላየም።

«ባርኔጣህን አውልቅ» አለ። «በቀኝህ።»

የካሳ ቀኝ እጅ ደረቱ ጋ ደርሶ ተመለሰ። በግራው አወለቀ። የዓይኑ ቆብ እስከ ግማሽ ወርዷል፤ ሻምበሉን ለማየት ልክ እንደ እህቱ አገጩን ቀና አደረገ።

«የእናትህ በሽታ አንተንም ጀምሮሃል። ሦስቴ ለመምታት የበቃው ክንድህ ከዚያ ወዲያ አልታዘዝህ አለ። በግራህ የጨበጥከኝም ለዚህ ነው።»

«ልጆቼን በሽተኛ ዘር ሊያስብልብኝ ነበር!» ካሳ ጮኸ። «ገና ሳይወለዱ!»

«እትዬ ደብሪቱ የቆጠሩልኝ በሽተኛ ሁሉ ከእናቱ የወረሰ ነው፤ ከአባቱ የወረሰ አንድም የለም። አጎትህ ታመሙ፤ ሦስቱ ልጆቻቸው ግን ይኸው ከፊትህ ናቸው፣ ደህና። ያንተም እንደነሱ ደህና ይሆኑ ነበር። ሰውዬውን በከንቱ ገደልካቸው።»

ካሳ ልጆቹን አንድ በአንድ አየና ምድጃ ላይ ቁጭ አለ።

ውባንቺ ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ስትመለከት ቆይታ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ካሳ፣ ይሄ የሚያወራው ሰው ነው ወይስ ከእነሱ ነው?»

ሁሉም ጠበቁት። ‹ከእነሱ ነው› ቢላት ታምነው ነበር።

«ሰው ነው» አላት።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት አልጮኸችም። በሩ ባዶ እስኪሆን አየችና ወደ ሻምበሉ ተመለሰች።

«እንግዲህ ማንን ልጠይቅ?»

እትዬ ደብሪቱ ከባላቸው ሬሳ አጠገብ ተነሥተው መጡና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።