የመጨረሻዋ አሃዝ

ሽማግሌው ሊቅ ማክሰኞ ማታ የሞቱት አየር አጥተው ነው። ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ፈሳሹ ናይትሮጅን ተንኖ አየሩን አባሮታል፤ የአየር ማውጫው ጠፍቷል፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ከማስታወሻቸውም አንድ ገጽ ተገንጥሏል።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አብራቸው የምትሠራው ልጃቸው፣ ምክትላቸውና ብርጭቆ ሠሪው። መርማሪዋ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠይቃቸው ከርማ ያተረፈችው ራስ ምታት ብቻ ነው። አለቃዋም በየጠዋቱ «እስካሁን ምንም?» እያለ ያቃጥላታል።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የምትለኩት?» አለችው ብርጭቆ ሠሪውን፣ ትዕግሥቷ ተሟጦ።

«እኔ ዕቃውን ነው የምሠራው፣ እትዬ። ተራ ቴርሞሜትር የማይደርስበት ብርድ አለ፤ ሂሊየም የሚባለው ጋዝ እንኳ ፈሳሽ የሚሆንበት። እዚያ ሁሉም በየራሱ መለኪያ ይለካል፤ ቁጥሩ አይገጥምም። እሳቸው ለሁሉም የሚሆን አንድ ልኬት ሊያወጡ ነበር።»

ልጃቸው ዓይኗ አብጧል። «ማክሰኞ ከሰዓት ደወለልኝ። ‹ሂሊየም የሚፈላበትን ልክ አሁን አገኘሁት፤ የድሮው ቁጥር ስህተት ነው› አለኝ። ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ‹ነገ መጥተሽ እዪው› ብሎ ዘጋው።»

ምክትሉ ለመርማሪዋ ቆሞ ነው የመለሰላት። «ከማክሰኞ ጠዋት ወዲህ አላየኋቸውም፣ አላነጋገርኳቸውም። ደግሞስ የመጨረሻዋ አሃዝ ከአምስት ወደ ሁለት ወረደች ተብሎ ሰው ይገደላል? በፈጠረዎት!»

ጻፈችው፤ ልብ ግን አላለችውም። በአራተኛው ቀን፣ ማስታወሻዋን በንዴት ስታገላብጥ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ያዘቻት። ወዲያው ልጅቷን ጠራችና «አባትሽ የለኩትን ደግመሽ ለኪልኝ» አለቻት።

ከሁለት ቀን በኋላ ሦስቱንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የድሮው ቁጥር በአምስት እንደሚያልቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዲሱን ቁጥር ሟቹ ያገኙት ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ለልጃቸው እንኳ አልነገሩም፤ የጻፉበትም ገጽ የለም። ልጃቸው ደግማ ለክታ በሁለት እንደሚያልቅ የነገረችኝ ገና ትናንት ነው።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «እርስዎ ግን ከእሷ በፊት ነገሩኝ። ገጹን ካላዩ ከየት አመጡት?»

መርማሪዋ ወደ ሌሎቹ ሁለት መለስ አለች።

«የድሮው ቁጥር የማን ሥራ ነው?»

«የእሱ» አለ ብርጭቆ ሠሪው ምክትሉን በአገጩ አመልክቶ። «አሥራ ሁለት ዓመት የደከመበት።»

ምክትሉ መርማሪዋን አላያትም፤ ልጅቷን ነው ያየው። «ስንት ጊዜ ለካሽው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስቴም በሁለት?»

«ሦስቴም።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ከገነጠልኩት ገጽ ላይ ስህተታቸውን ስፈልግ ነው የሰነበትኩት» አለ። «አጣሁት።»