ቁልቁል ያልወረደው ውሃ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ብዙም አልተቸገረም፤ ከልክ ያለፈ የእንቅልፍ መድኃኒት በአንድ ነገር ተበጥብጦላቸው ጠጥተዋል። የጠጡበት ዕቃ ግን የለም። ብርጭቆዎቹ ሁሉ ታጥበው መደርደሪያው ላይ ተደፍተዋል። ቤቱ ውስጥ ያደሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛ ሚስታቸው፣ ከመጀመሪያዋ የወለዱት ልጃቸውና ሊጠይቋቸው የመጡ እህታቸው።

የፖሊስ አዛዡ ምርመራውን ገና ከበሩ ሳያልፍ ጨርሶታል። «ራት ያቀረበችው እሷ፣ ወጥ ቤቱ የእሷ። ሚስትየዋን ጥፋቷን እንዳመነች አስፈርሚያትና ይዘናት እንሂድ» አላት መርማሪዋን።

ሚስትየዋ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። «አልፈርምም! ባሌን አልገደልኩም፣ ከቤቴም አልወጣም» አለች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እሾህ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። «እኔም ሳላይ አላስፈርምም» ብላ አዛዡን አልፋ ገባች። «ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ነው» አለች ሚስትየዋ። «ውሃ አላወርድ ካለ ሰንብቷል። ሲንኩ ላይ የሚደፋው ሁሉ ተመልሶ እሱ ሆድ ውስጥ ይገባል። እኔማ በሳፋ እያጠብኩ እጣቢውን ግቢ ነው የምደፋው።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነግሬያቸዋለሁ!»

መርማሪዋ እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች። የማሽኑን የታች መደርደሪያ ስባ አወጣች። ግርጌው ላይ ያቆረው ጥቁር ውሃ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ማጣሪያውን አዙራ ነቀለችው። ቅባትና የበሰበሰ ትርፍራፊ ጠቅጥቆታል፤ ከላይ ግን ገና ያልጠቆረ የሎሚ ዘር ከነሥጋው ተጣብቋል። ሲንኩ ሥር ባትሪ አበራች። የማሽኑ የፍሳሽ ጎማ ሽቅብ ከፍ ብሎ መታሰር ሲገባው ወለሉ ላይ ተጋድሟል። የሲንኩም ቧንቧ ደፈን ብሏል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ በጎማው በኩል ወደ ማሽኑ ይዞራል ማለት ነው። ካቆረው ውሃ ቀድታ ለምርመራ ላከች።

አዛዡ ሳቀ። «እኛ ነፍሰ ገዳይ ስንፈልግ አንቺ ቧንቧ ትሠሪያለሽ!»

«እሠራለሁ» አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

የሟች እህት ሳሎን ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። «ሎሚ? እኔ ነኝ ያመጣሁለት፣ ጉንፋን ይዞት ነበር። ግን አልጨመቅኩለትም፤ ሚስቱም በጊዜ ተኝታለች» አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ አልወዳትም። ስለ ሲንኩ ግን ደጋግማ ነግራኛለች። አፌን የተጉመጠመጥኩበትን እንኳ ደጅ ነው የተፋሁት።»

ልጁ በቁጣ ነው የተቀበላት። «ከራት በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ እንደሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ማሽኑን የገጠመው ማነው?»

ፊቱ በራ። «እኔ! ባለሙያ ሳልጠራ፣ በገዛ እጄ።»

«ጎማው እኮ መሬት ላይ ተኝቷል።»

«ታዲያስ? ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሄዶ ያውቃል? ሳህን ከነትርፍራፊው የምትከተው እንጀራ እናቴ ናት። ሥራዬን ለማጣጣል ነው ይሄ ሁሉ ወሬ።»

በማግስቱ ውጤቱ መጣ። ውሃው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። አዛዡ ሚስትየዋን ሊያስር ካቴናውን ይዞ ተነሣ፤ መርማሪዋ ግን ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ መድኃኒቱን በትኩስ ሎሚ በጥብጦ ሰጣቸው» አለች። «የተረፈውን ሲንክ ላይ ደፋ፣ ብርጭቆውን አጠበ፣ በቃ ጠፋ ብሎ ተኛ። ሎሚው ግን ዞሮ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ሚስታቸው ብትሆን ሲንኩ እንደሚመልስ ታውቃለች፤ ግቢ ደፍታው መሬት ይውጠው ነበር። እህታቸውም ያውቃሉ። ከሦስቱ ሲንኩን ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጎማውን የገጠመው።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ልጁ።

መርማሪዋ አንድ ጆግ ቀይ ሻይ ሲንኩ ላይ ገለበጠችና የማሽኑን በር ከፈተች። ሁሉም አጎነበሱ። ከማሽኑ ግርጌ ቀይ ውሃ እየተንፎለፎለ ወጣ።

«ማታለል ነው!» ጮኸ ልጁ። «ጎማው ልክ ነው! የዚያን ዕለት ማታ እኔ ስደፋ ጥርግ ብሎ ነው የወረደው!»

«ምኑን ነው የደፋኸው?» አሉ አክስቱ ቀስ ብለው።

ልጁ አንገቱን ቀና አደረገ። «ቤቱን ለእሷ ሊያወርስ ነበር! እኔ እያለሁ!»

አክስቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ልጁ አሁንም ዐይኑ ጎማው ላይ ነበር።

አዛዡ ወደ ሚስትየዋ ዞረ። «እመቤቴ፣ እንግዲህ… ቤቱ እስኪጸዳ እርስዎ ዘመድ ጋ አረፍ ቢሉስ?»

«ቅድም በካቴና፣ አሁን በትሕትና! አልሸሹም ዞር አሉ» አለችው ሚስትየዋ። የደጁን በር ወለል አድርጋ ከፈተች። «እናንተ ውጡልኝ። ባሌን ገና አላለቀስኩትም።»