ወደ ሟቹ የዞረው ቬንቲሌተር

ሸዋንግዛው የሞተው በባዶ እግሩ፣ ከአዲሱ ኮምፒውተሩ ሥር ተዘርሮ ነው። የማሽኑ ሽፋን ተነስቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ካቻቪቴው አጠገቡ ወድቋል፤ መዳፉ ላይ የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ነበር። የአሰብ ሙቀት እንኳን ለሬሳ ለቆመ ሰውም አይመችምና በዚያው ዕለት ተቀበረ። ፖሊስም ጊዜ አላጠፋም፤ ሟቹን ኮምፒውተር ያስተማረውን የነዳጅ ማጣሪያውን ኤሌክትሪሺያን፣ ዓለምዘውድን፣ ያዘ።

ሟቹ በጸሐፊነት ይሠራበት የነበረው የመርከብ ወኪል ድርጅት ደግሞ ከአዲስ አበባ ዘውድነሽን ላከ። ዘውድነሽ የቀድሞ የፖሊስ መርማሪ ናት፤ እሷ ጡረታ ብትወጣም ዓይኗ አልወጣም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሻንጣዋን ስትሸክፍ «ወዴት ነው?» የሚላት ሰው አልነበረም። ይህን አውሮፕላኑ ውስጥ ሆና አሰበችውና ከፋት።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ እትዬ ዘውድነሽ» አላት የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ ዳዊ። «ማራዘሚያ ገመዱ ውስጥ ሽቦው ሆን ተብሎ ተቀያይሯል። የባለሙያ እጅ ነው። ዓለምዘውድ ነገ አስመራ ይላካል።»

«እንግዲያው ዛሬን ለእኔ ተውልኝ» አለችው።

ዓለምዘውድ እስር ክፍሉ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ በዚህ ከተማ ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም።

«ምን ነበር የምታስተምረው?»

«ፕሮሰሰሩን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ። ማዘርቦርዱ ላይ ጃምፐር የምትባል የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነገር አለች። እሷን ነቅለው ሌላ ቦታ ሲሰኳት ማሽኑ ይፈጥናል። ግን ይግላል።»

«በዚህ አገር ላይ ደግሞ ሌላ ግለት!»

ሳይወድ ፈገግ አለ። «ለዚህ ነው ቬንቲሌተሩን ከማሽኑ ላይ እንዳታነሳ ያልኩት። ጀማሪ ነው፤ ያልኩትን ሁሉ እንደ ዳዊት ይደግመዋል።»

«ሌላስ ምን አልከው?»

ዓለምዘውድ አንገቱን ደፋ። «እጅህን ከማስገባትህ በፊት ባዶውን ብረት ንካ አልኩት። ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳያበላሽ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ገመዱ ግን እንደተሰካ። ገመዱ ደህና ከሆነ እኮ ምንም አያደርግም! አሁን እኔ ገደልኩት ይባላል?»

ዘውድነሽ ተነስታ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች።

ሟቹ የተከራየው ክፍል ወይዘሮ አበዛሽ ግቢ ውስጥ ነው። ወይዘሮ አበዛሽ በሩን ከመክፈታቸው ወቀሳ ጀመሩ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለው አልሰማኝ አለ! ቬንቲሌተሩን ለማሽን ሰጥቶ፣ ራሱን ለማቀዝቀዝ ወለሉን በውኃ ያርሰዋል። ሲሚንቶዬን ጨረሰው!» አሉና ወዲያው አለቀሱ። «ምነው ጨርሶትስ በነበር።»

«የዚያን ዕለት ማን መጣ?»

«ዓለምዘውድ ማታ መጥቶ ሄደ። እሱ እንደወጣ የግቢውን በር ቆለፍኩ። ከዚያ ወዲያ እንኳ ሸዋንግዛው ውኃ ሲያርከፈክፍ ሰምቼዋለሁ።»

«ግቢ ውስጥ የቀረው ማነው?»

«እኔና ያኛው ተከራይ፣ ደስታው ብቻ።»

«ጠዋት ሬሳውን ሲያገኙት ቬንቲሌተሩ ወዴት ዞሮ ነበር?»

«ወደ ፊቱ። ፀጉሩን ሽው ያደርገዋል። የተኛ መስሎኝ ቀሰቀስኩት እኮ።»

ዘውድነሽ ቬንቲሌተሩን አየችው። አንገቱ ወደ ማሽኑ እንዲጸና የታሰረበት ሽቦ ተፈቶ ተንጠልጥሏል። ማራዘሚያ ገመዱን አነሳች። የግቢው ነው፤ ቀን ደጅ ላይ ሬዲዮ ይሰካበታል፤ ሲመሽ ሸዋንግዛው ወደ ክፍሉ ይወስደዋል። የሶኬቱን ሳጥን በካቻቪቴ ፈታችው። ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ ተቆርጧል፤ ኃይል የሚያመጣው ደግሞ የማሽኑን ብረት ከሚነካው ጋር ተቀጥሏል። መጋጠሚያው በሚለጠፍ የሽቦ ናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮውን ስትልጠው ጣቷ ላይ ጥቁር የማሽን ግራሶ ቀረ። አሸተተችውና በመሐረቧ ጠረገችው።

ደስታው ከወደብ ሲመለስ ደጅ ጠበቀችው። የክሬን ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን የሚሰማው በግድ ነው።

«ጓደኛህ ነበር?»

«ዳማ እንጫወት ነበር። የምንበላውም አብረን ነው። ማሽኑ ከመጣ በኋላ ግን በሩን ዘጋብኝ። እኔም ደጅ ተቀምጬ የዳማውን ጠጠር ለብቻዬ አንቀሳቅሳለሁ።»

«ይህን የግቢ አምፖል የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ምንም። ደህና ያበራል» አለችው። እሱ ሊታጠብ ሲገባ የአምፖሉን ገመድ ናስትሮ ላጥ አድርጋ ተመለከተች፤ ከዚያ ዳዊን አስጠራች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ዳዊ ዓለምዘውድን ይዞ መጣ፤ ወይዘሮ አበዛሽ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፤ ደስታው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለች ዘውድነሽ። «ሸዋንግዛው በረጠበ ወለል ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ እንደ ተማረው ብረቱን ነካ፤ ሞተ። ማሽኑን ብቻ ሲያቀዘቅዝ የነበረው ቬንቲሌተር ግን ጠዋት ፊቱ ላይ ነበር። ሬሳ ቬንቲሌተር አያዞርም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ሰው ገብቷል።»

«ዓለምዘውድ ይሆናላ» አለ ዳዊ።

«የግቢው በር ሲቆለፍ ዓለምዘውድ ውጭ ነው፤ ሸዋንግዛው ገና በሕይወት አለ። እንግዲህ የቀሩት ሁለት ናቸው። አሁን ገመዱን እዩት። ዓለምዘውድ፣ ማጣሪያው ውስጥ ሽቦ ስትቀጥሉ ግራሶ ትቀባላችሁ?»

«እሳት እየፈራን? ግራሶ ሽቦ አጠገብ አይደርስም።»

«ወደብ ላይ ግን ይቀባል። የባሕሩ ጨው መዳቡን እንዳይበላው። ይህ መጋጠሚያ ግራሶ ተቀብቷል፤ ደስታው የሠራው ያ የአምፖል ገመድም እንዲሁ። ለክፋት የተቀጠለ ሽቦ ዕድሜው እንዲረዝም ማን ይጨነቃል? እጅ ግን የለመደውን አይተውም። አመል ያወጣል ከመሃል።»

ደስታው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ቀን ገመዱ ደጅ ሳለ ነው የቀጠልኩት፤ ትንሽ ይነዝረዋል ብዬ» አለ። «ይደነግጥና ማሽኑን ይተወዋል፣ ከዚያ እንደ ድሮው እንሆናለን ብዬ። ወለሉን እንደሚያርስ ምን አውቄ! ገብቼ አላውቅማ። ሲወድቅ ሰማሁ። በሩን ስገፋው ተከፈተ። ትንፋሽ አልነበረውም። ፊቱን አልቦታል... ቬንቲሌተሩ ለዚያ ብረት ይነፍሳል። አላስቻለኝም፤ ወደ እሱ አዞርኩት።»

«ያን ጊዜ ሰው ብትጠራ ምን ነበረበት?» አለ ዳዊ።

«ፈራሁ። እሱ ግን በሩን ባይዘጋብኝ ኖሮ...»

«ደስታው» አለ ዓለምዘውድ። ከታሰረ ጀምሮ እንዲህ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። «በሩን ዝጋ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ተከፍቶ ሲሠራ ብናኝ እንዳይገባበት። አንተን አስመልክቶ አንድም ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም።»

«መቼስ ቆልፎት ያውቃል?» አሉ ወይዘሮ አበዛሽ። «የክፍሉ ቁልፍ እኔው ጋ ነው። ከገባ ጀምሮ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ዳዊ የዓለምዘውድን እጅ ፈታ። «ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች» አለው። ዓለምዘውድ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። ዘውድነሽም ሥራዋ አልቆ ሳለ ከተቀመጠችበት መነሳት አቃታት፤ የፈታችው ነገር ደስ አላሰኛትም።

«የዘጋው ለብናኝ ነው?» አለ ደስታው።

ዳዊ ክንዱን ይዞ አስነሳው። ከግቢው ሲወጡ ያንኑ መልሶ ሲጠይቅ ሰሙት።