ነጯ ፊያት ሜዳ ከመግባቷ በፊት

አይሌን ሶሪያ ነጭ ፊያቷን የገዛችው ከአንዲት ጡረተኛ የሙዚቃ መምህርት ነበር። መምህርቷ መኪናዋን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ብቻ ስለ ነዷት፣ በሳንታ ሩፊና ከተማ ለመኪናዋ «ምእመኗ» የሚል ስም ወጥቶላታል። አይሌን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሆስፒታሉ የራጅ ክፍል ትሠራለች። የራሷ የምትለው ነገር ሲኖራት ይህ የመጀመሪያው ነው።

የከተማው የመኪና ክበብ በመጋቢት መጨረሻ እሑድ የእሽቅድምድም ሜዳውን ለሁሉም ክፍት እንደሚያደርግ፣ የፈለገ ሰው በገዛ መኪናው ገብቶ ያለ ውድድር እንደ ልቡ መንዳት እንደሚችል ባስነገረ ጊዜ፣ አይሌን ለማንም ሳትናገር ተመዘገበች። ልጅ ሳለች እሑድ እሑድ የሞተሮቹ ድምፅ ከባሕር ዛፎቹ ማዶ ሲመጣ እናቷ ዶኛ ኢርማ ተነሥተው መስኮቱን ይዘጉ ነበር። እሷ ደግሞ ጆሮዋን መስታወቱ ላይ ትለጥፍ ነበር።

ከዋናው ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪኖቹ በክበቡ ግቢ ተሰልፈው ተመረመሩ። መርማሪው ረጅም፣ ጠይም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ጋስፓር ይባላል፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጎሚስታ ቤት አለው። የሞተሩን ክዳን ከፈተ፣ የፍሬን ዘይቱን አየ፣ ባትሪውን በእጁ ቢነካው ወዲያና ወዲህ ተንገዋለለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሾፌሩ ወንበር ሥር አንድ ጃንጥላ፣ ሁለት ባዶ ጠርሙስና አንድ የመዝሙር መጽሐፍ አወጣ።

ተራ የሚጠብቁት ወንዶች ሳቁ። ጋስፓር ግን አልሳቀም።

«ይቺ ጠርሙስ ኩርባ ላይ ተንከባላ ፔዳሉ ሥር ብትገባ፣ ቢቆሙበትም ፍሬኑ አይወርድልዎትም» አላት። «ዘይቱም እንደ ቡና ጠቁሯል። ሁለት ዙር ሲነዱ ይፈላል፤ ከፈላ ደግሞ ፍሬን የለም።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ዛሬ አላለፈችም።» መጽሐፉን አቧራውን አራግፎ በሁለት እጁ ሰጣት። «ይኼን እንኳ ቤት ያስቀምጡት። ሜዳ ላይ አብሮዎት የሚዘምር የለም።»

አይሌን ፊቷ ቀልቶ ወጣች። በንዴት ለሚነደው ልቧ የከበደው ግን ሰውየው ትክክል መሆኑ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጎሚስታ ቤቱ ነዳች። ልትለምነው የመጣች መስሎት መልሱን ሲያዘጋጅ፣ እሷ እጅጌዋን መጠቅለል ጀመረች።

«እንድትሠራልኝ አልመጣሁም» አለችው። «እንዴት እንደሚሠራ እንድታሳየኝ ነው። ደግሞ እርስዎ አትበለኝ፤ እርጅና እርጅና ይለኛል።»

ከዚያ ቀን ወዲያ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። ባትሪውን በብረት ቀበቶ አሰረች። የፍሬን ሸራውን ፈታ አዲስ አስገባች፤ መጀመሪያ ገልብጣ፣ ቀጥሎ አስተካክላ። ጋስፓር ስትሳሳት አይነጥቃትም። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል፣ ስታገኘው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል።

የፍሬን ዘይት መቀየር ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው መኪናው ሥር ተኝቶ ብሎኗን ከፈት ዘጋ እያደረገ አሮጌውን ዘይት ከነአየሩ ያስወጣል። አይሌን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ጋስፓር ከሥር ገባ።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዢው… ልቀቂ።»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከዚህ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። አራተኛው ጎማ ላይ ሲደርሱ ግን ጋስፓር «ልቀቂ» ማለቱን ረሳ። እሷም እግሯን ሳታነሣ ጠበቀች። ምን ያህል እንደ ቆዩ ሁለቱም አላወቁም። በመጨረሻ ከሥር በቀስታ፣ «ይቅርታ፣ ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው» አለ። የምን ሐሳብ እንደ ሆነ አልጠየቀችውም። በመስታወቱ ግን ራሷን ስትስቅ አየች።

ሥራ ሲያበቃ የጎማ ክምር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ ይጠጣሉ፤ አንዷን ዋንጫ ይቀባበላሉ፣ በአንዱ ቀሰም ይስባሉ። አንድ ቀን ለምን እሱ ራሱ እንደማይወዳደር ጠየቀችው። ጋስፓር አሰበና፣ እሱ የሚወደው ጠዋት አንድ በአንድ ቆጥሮ ያስገባቸው ሰዎች ማታ አንድም ሳይጎድል ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ማየት መሆኑን ነገራት። ይህን ሲናገር ጣቶቹን ነበር የሚያየው። አይሌን ግን ያን ዕለት ቤቷ እስክትገባ ድረስ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ዶኛ ኢርማ ነገሩን ያወቁት ከልጃቸው ጥፍር ነው። ጥቁር ቅባቱ በሳሙና አልለቅ ብሎ ነበር። እውነቱን ስትነግራቸው አልጮሁም፤ አንዷን ሳህን ደጋግመው አጠቧት እንጂ። ወንድማቸው ዶን ራሞን ከሠላሳ ዓመት በፊት ከዚያ ሜዳ በአምቡላንስ ነው የወጡት። ቀኝ እግራቸው ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። እሳቸው ነገሩን ረስተውታል፤ እኅታቸው አልረሱም።

ቀኑ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ አይሌን ዳቦ ልትገዛ ገብታ ሻጯ እንዲሁ በጨዋታ መካከል እናቷን ማክሰኞ ጎሚስታ ቤት ማየቷን ነገረቻት። ረጅም ጊዜ ቆመው ሲነጋገሩ ነበር አለቻት። ወሬው ውስጧ እንደ ተቀመጠ ጋስፓር ጋ ስትደርስ፣ እሱ ጋ ትታት የሄደችውን መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ የፊት ግራ ጎማዋን በሁለት እጁ ይዞ ሲነቀንቅ አገኘችው። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል አላት። ካልተቀየረ ሊፈርምላት እንደማይችል፣ ዕቃው ደግሞ እዚህ ከተማ እንደሌለ ነገራት።

«እናቴ መጥታ ነበር?» አለችው።

ጋስፓር እጁን ከጎማው ላይ አላነሣም። «መጥተው ነበር።»

«ምን አለችህ?»

ጋስፓር ጎማውን እንደገና ነቀነቀ።

«እንዳታሳልፋት አለችህ። አይደለም?»

«አይሌን፣ ኩሽኔታው አልቋል። ነይ ራስሽ ያዢው፣ ይሰማሻል።»

«ሁላችሁም አንድ ናችሁ» አለች። «አንዷ በፍቅር፣ አንዱ በሕግ። መጨረሻው ግን ቤትሽ ቁጭ በይ ነው።»

መኪናውን አውርዶ ቁልፉን ሰጣት። «ቀስ ብለሽ ንጂ» ብቻ አላት። ይህ ከሁሉ በላይ አቃጠላት።

ዓርብ ዕለት ከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ወደ ሽማግሌው መካኒክ ወደ ዶን ሳቬሪዮ ሄደች። ስለ ጋስፓር አላነሣችም፤ የግራውን ጎማ ይዩልኝ ብቻ አለቻቸው። ሽማግሌው ጎማውን ሁለቴ ወዘወዙት።

«ልጄ፣ ለገበያ ደርሶ መልስ ይበቃሻል» አሏት። «በፍጥነት ከጠመዘዝሽው ግን ጎማው ካንቺ ቀድሞ ይሄዳል።»

ቤቷ ገብታ እናቷ ፊት ቆመች። ዶኛ ኢርማ ሳይጠየቁ ገባቸው።

«ሄጄ ለምኜዋለሁ» አሉ። «ኬክ ሁሉ ጋግሬ ነበር የሄድኩት። ያ ልጅ ወንበር ሰጠኝ፣ የእኔንም ፍርሃት እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ዶኛ፣ መኪናዋ ጤና ካልሆነች እኔው አላሳልፋትም። ጤና ከሆነች ግን ለእርስዎ ብዬ አልዋሻትም› አለኝ። አፈርኩ። እባክህ መምጣቴን አትንገራት አልኩት። ማልልኝ ብዬ አስማልኩት፤ ማለልኝ።»

አይሌን ያን ሌሊት በቅጡ አልተኛችም። ቅዳሜ በማለዳ መኪናዋን ነድታ ስትሄድ ጎሚስታ ቤቱ ዝግ ነበር። ጎረቤቱ አትክልት ሻጭ፣ ጋስፓር ገና ሳይነጋ ዕቃ ፍለጋ ወደ ባሂያ ብላንካ ከተማ መነሣቱን ነገራት። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ሁለት መቶ መመለስ። የጎማው ክምር ላይ ተቀመጠች። ንፋሱ አቧራውን ሲያነሣ፣ ፀሐይ ከዚህኛው ግድግዳ ወደዚያኛው ስትዞር፣ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

እኩለ ቀን ሲያልፍ መጣ። ሲያያት እግሩን ገታ፤ ከዚያ ቀረብ ብሎ በወረቀት የተጠቀለለውን ኩሽኔታ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«እየሰደብኩህ ሄጄ ይኼን ልታመጣ ወጣህ?»

«ስድቡ ሌላ፣ ኩሽኔታው ሌላ።»

«ለምን አልነገርከኝም ጋስፓር? አንድ ቃል ብትናገር ይበቃኝ ነበር።»

«ለእናትሽ ቃል ገባሁ» አለ። ቀጥሎ ወደ ባቡር ሐዲዱ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ስትቆጪ ምላሴ ይተሳሰራል። ሜዳ እንድትገቢ እፈልጋለሁ፤ እንድትመለሺም እፈልጋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደሚሉት አላውቅበትም።»

«አሁን አልከው» አለችው።

ክሪኩን አምጥታ መኪናዋን ራሷ አነሣች። ኩሽኔታውን አብረው አስገቡ። እጆቻቸው አንድ ብሎን ላይ ሲገናኙ ሁለቱም አልሸሹም።

እሑድ ጠዋት ጋስፓር ምእመኗን እንደ ማንኛውም መኪና መረመራት፤ አንዲት ነገር አልዘለለም። ጎማዎቹን ለካ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ የአይሌንን ሄልሜት ማሰሪያ ሳብ አድርጎ አየ። ጣቱ አገጯን ነካ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

መጀመሪያው ዙር ላይ ሁሉም ቀደሟት። አንድ የዳቦ ማመላለሻ መኪና እንኳ ሳይቀር አልፏት ሄደ። በሁለተኛው ዙር መሪውን አንቆ የያዘው እጇ ላላ። በሦስተኛው፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ካለው ረጅም ኩርባ በፊት ፍሬኑን ረገጠችው፤ ፔዳሉ ጠንካራ ነበር፣ ታማኝ ነበር፣ በገዛ እጇ የሠራችው ነበር። ፊያቷ አጎንብሳ ዞረች፣ ከዚያ ሜዳው ተዘርግቶ ተከፈተላት። አይሌን ሄልሜቷ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። ሃያ ደቂቃው ከማንም ጋር ሳትሽቀዳደም አለቀ።

ስትወጣ ከሽቦው አጥር ጀርባ እናቷን አየች። ዶን ራሞን ምርኩዛቸውን ተደግፈው አጠገባቸው ቆመዋል፤ እኅታቸውን ያመጧቸው እሳቸው ናቸው። ዶኛ ኢርማ ሽቦውን የያዙበት ጣታቸው ነጭ ሆኗል። ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ ካዩ በኋላ ወደ ጋስፓር ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ እሑድ እሑድ ምን ትበላለህ?»

«ያገኘሁትን ነው ዶኛ።»

«እኛ ቤት በእጅ የተሠራ ፓስታ ነው፤ ራቪዮሊ። በሰባት ሰዓት።»

በሚቀጥለው እሑድ ጋስፓር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ በራቸውን አንኳኳ። አይሌን እጇ በዱቄት እንደ ተለወሰ ከፈተችለት። ደጃፉ ላይ ተፋጠው ቆሙ።

«ልጄ» አሉ ዶኛ ኢርማ ከወጥ ቤት፣ ሳይዞሩ፣ «ሳሚውና አስገቢው። ውሃው ፈልቷል።»