በግራ እግሩ ላይ የተገኘው መቆንጠጫ

መቶ አለቃ አካሉ ከላንድሮቨሩ ወርዶ ወደ ድንኳኑ ሲያመራ፣ መንገዱን ሙሉ በልቡ ሲደግመው የመጣውን እንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ነበር። ብርድ ልብስ ተከናንባ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ከተቀመጠችው ሴት አጠገብ ጎንበስ ብሎ በዚያው ቋንቋ ሐዘኑን ገለጸላት።

ሴትዮዋ ዞረች። ዓይኖቿ ያበጡ ጠይም ወጣት ናት።

«አማርኛ እችላለሁ» አለችው። «እሌኒ እባላለሁ። ባሕር ዳር አስተማሪ ነኝ።»

አካሉ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ አበራ ተመለከተ። በብስክሌት የመጣ ፈረንጅ ሞተ ብሎ ለፖሊስ ጣቢያ መልእክት የላከው እሱ ነበር። አበራ እፍረት አልታየበትም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ደህና ቤት እያለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድር ሐበሻ አይቼ አላውቅም። ድንኳኑን በሩቁ አየሁና ላክሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አካሉ ይስቅ ነበር። አሁን ግን ፈረንጅ በመባሉ የተነሳ ስሙን ያልተናገረ አንድ የደኅንነት ሰው አብሮት መጥቷል። ፈረንጅ አለመኖሩን ካወቀም በኋላ አልተመለሰም። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል።

አስከሬኑ ከመንገዱ በታች፣ ከውኃ መውረጃው ድንጋይ አጠገብ በጋቢ ተሸፍኗል። ሟቹ አንዳርጋቸው የፋብሪካ መካኒክ ነበር። እሌኒን ካገባ ዓመት አልሞላውም። ባልና ሚስቱ የአሥራ አምስት ቀን የሥራ ፈቃድ ወስደው፣ በየብስክሌታቸው ከባሕር ዳር ተነስተው፣ በሐይቁ ዳር እየሰፈሩ ጎንደር ለመድረስ ነበር ያሰቡት። ከዘንዘልማ አልፈው ገና የመጀመሪያውን ድንኳን በተከሉበት ምሽት እሱ ሞተ። በአቅራቢያው ያለው ደብር መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ማንም እንዳይነካው ከልክለው፣ ዳዊት ሲደግሙለት አድረዋል።

አካሉ ጋቢውን ገለጠ። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ብስክሌቱ እግሮቹ ላይ ተጋድሟል። ሲመሽ ከብስክሌቱ ወድቆ ነው የሚል ወሬ ከጧት ጀምሮ ተሰራጭቷል። አካሉ ብስክሌቱን አንስቶ የፊት ጎማውን አሽከረከረው። ሳይወላገድ ዞረ። መሪው ቀጥ ያለ ነው፤ የመብራቱ መስታወት ጭረት እንኳ የለበትም። ከዚያ ወደ ሟቹ ሱሪ ጎንበስ አለ። የግራው ጫፍ ተጠቅልሎ በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ተይዟል። የቀኙ ሰፊ እንደሆነ ተለቋል። ጫፉ ላይ በአዲስ ክር የተሰፋ ጥቁር ቁልፍና ማያዣ አለ። ቁልፉ ተፈትቷል።

«ይህ ሰው ከብስክሌት አልወደቀም» አለ አካሉ። «ብስክሌቱን በኋላ ያስቀመጠበት ሰው አለ።»

አበራ ወዲያው ወደ ድንኳኑ አየ። ከሟቹ ጋር የነበረችው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ለእሱ ነገሩ አለቀ። እጇን ልሰር ወይ ሲል ጠየቀ። አካሉ ጥቂት እንዲታገሥ ነገረው።

መጀመሪያ መሪጌታውን አነጋገረ። ማታ ከባልና ሚስቱ ጋር ተጨቃጭቀው እንደነበር ሰምቷል። እሳቸውም አልካዱም።

«ከደብሩ ግቢ ውጭ ትከሉ ብዬ ተቆጣኋቸው። ልጁ እጄን ስሞ ድንኳኑን ነቀለና ወደ ታች ወረደ። እንዲያ ባልናገረው ኖሮ ከአጠገቤ ያድር ነበር።»

«ብስክሌት ይነዳሉ አባቴ?»

«እኔን በቅሎም ትጥለኛለች፣ ልጄ።»

አበራም መልእክቱን ከላከ በኋላ፣ ጧት የይለፍ ወረቀታቸውን ሲያይ በብስክሌቱ ጓጉቶ ዋጋውን ጠይቆ ነበር። እሱም አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ሞክሮ የተረፈውን ጠባሳ ከጉልበቱ በታች አሳየ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም አለ።

እሌኒ የተናገረችው አጭር ነበር። ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ጭቃ ስለነበር ብስክሌቶቹን ላይ፣ ዛፍ ሥር ትተዋቸው ነበር። እሷ ድስት ስታጥብ አንዳርጋቸው ብስክሌቶቹን አይቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ቆየባት። ተጣራች። ስትወጣ እዚያ ወድቆ አገኘችው።

«መቆንጠጫውን ከየት አመጣው?» አለ አካሉ።

«መቆንጠጫ አልያዘም። ሰንሰለቱ ሱሪውን እየበላ ስላስቸገረኝ፣ ለዚህ መንገድ ብዬ ቁልፍ ሰፋሁለት። ሲነዳ ይቆልፈዋል፤ ሲወርድ ይፈታዋል።»

«ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?»

«እኔና እሱ ብቻ።»

አካሉ ጓዛቸውን ለማየት ፈቃድ ጠየቃት። ከሹራቡና ከምድጃው በታች፣ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ፈታው። ከክፈፉ የወጣ የሰርጋቸው ፎቶግራፍ ነው። አካሉ ፎቶውን አየና እሷን አየ። እሷ ሐይቁን ታያለች።

«ለአሥራ አምስት ቀን ሽርሽር የሰርግ ፎቶ ማን ይዞ ይሄዳል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከጎንደር ቀጥሎ መተማ፣ ከመተማ ቀጥሎ ሱዳን እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። በዚያን ጊዜ ይህን መንገድ የጀመረ ሰው ሲያዝ ምን እንደሚደርስበትም ያውቃሉ።

«ከእናንተ ሌላ ይህን ቦርሳ የነካ ሰው አለ?»

«ዳኘው፣ የፋብሪካ ጓደኛው ነው። ሊሸኘን እስከ ዘንዘልማ መጣ። ሸኚ እያለ ተሸኚ ጓዝ አይሸከምም ብሎ እሱ ጫነው። እዚያ ስንሰነባበት ገመዱ ላላና ጓዙ ተበተነ። የሰበሰበውም እሱ ነው።»

ጓዙን የሰበሰበ ሰው ፎቶውንም አይቷል ሲል አካሉ አሰበ። ሠራተኛ ለፈቃዱም ለይለፉም ዋስ ያስፈልገዋል። የሄደው ካልተመለሰ ዋሱ በእሱ ቦታ ይጠየቃል፤ እንዲህ ባለው ጉዳይ ደግሞ መጠየቅ ማለት መታሰር ነበር።

«ዋሳችሁ ማን ነው?»

እሌኒ ፊቷን በብርድ ልብሱ ሸፈነች። «ዳኘው» አለች።

አካሉ ፎቶውን ጠቅልሎ ወደ ቦርሳው መለሰውና ቦርሳውን እግሯ ሥር አኖረላት። ራስሽ ያዢው፣ ማንም አይክፈተው አላት። ላይ፣ መንገዱ ዳር የቆመውን የደኅንነት ሰው ዞር ብሎ ካየ በኋላ ቀጠለ።

«የዳኘውን ስም ካልጠራሁ በባልሽ ደም አንቺ ትታሰሪያለሽ። ከጠራሁት ደግሞ ለምን ገደልኸው ብለው ይጠይቁታል።»

እሌኒ ብዙ አሰበች። «ባሏን ገደለች ተብዬ ለቅሶው ላይ ከምረገም» አለች በመጨረሻ፣ «ይጥሩት።»

ዳኘው ሲጠራ በብስክሌት መጣ። ዕንባው ጉንጩ ላይ ደርቋል። ትናንት ዘንዘልማ ላይ ተሰነባብቶ በጊዜ ቤቱ እንደገባ ለአካሉ ነገረው። አካሉ ከላይ እስከ ታች አየው። የቀኝ ሱሪው ጫፍ በሲባጎ ታስሯል። ከሲባጎው በላይ ጨርቁ በሰንሰለት ቅባት ጠቁሯል፤ ቅባቱ ገና ያብረቀርቃል።

ዛፉ ሥር ሁሉም ተሰበሰቡ። መሪጌታው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ አበራና ዳኘው ቆሙ፣ እሌኒ ቦርሳዋን አቅፋ መሬት ላይ ነበረች። የደኅንነቱ ሰውም ቀረበ።

«ብስክሌቱ አልወደቀም፤ ምንም አልሆነምና» ሲል አካሉ ጀመረ። «እንዲህ ያደረገው ሰው ግን ሟቹ ሲነዳ እንደነበር እንድናምን ፈልጓል። ሱሪውም የነጂ ሱሪ እንዲመስል መቆንጠጫ አደረገበት። ስለ ሱሪ ጫፍ የሚያስበው ብስክሌት የለመደ ሰው ብቻ ነው። በመሪጌታና በአበራ ሐሳብ ይህ አይመጣም።»

«እሷስ ትነዳ የለም እንዴ?» አለ አበራ።

«ትነዳለች። ግን የሱሪውን ቁልፍ የሰፋችው እሷ ናት። መቆንጠጫ ምን ያደርግላታል? ቁልፉን መቆለፍ ይበቃት ነበር። ያ ሰው ቁልፉን አያውቅም። ትናንት አንዳርጋቸው ሲነዳ ሱሪው ጠቦ አይቶታል፤ መቆንጠጫ ነው ብሎ አለፈ። ሲመሽ ሬሳው ላይ ሱሪው ተለቆ ሲያየው፣ የጎደለ መስሎት የራሱን አወጣና አደረገለት። ሰንሰለት ያለው በቀኝ ነው። የራሱ እግር ቢሆን አይሳሳትም። ሟቹ ግን በጀርባው ተኝቷል፣ እሱ ከእግሩ በኩል ፊት ለፊቱ ቆሟል። በቀኝ እጁ በኩል ያገኘውን እግር ቆነጠጠ፤ ያ ደግሞ የሟቹ ግራ ነው።»

አካሉ ቀስ ብሎ ወደ ዳኘው ዞረ።

«ያ ሰው ያለ መቆንጠጫ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሱሪው ቅባት ጠጣ። ዛሬ በሲባጎ አስሮ መጣ።»

ዳኘው እግሩን አየ። ሊሸሽ አልሞከረም።

«ተጣሉ፣ ገፋው፣ ድንጋዩ ላይ ወደቀ» አለ አካሉ ፈጠን ብሎ። «የጓደኛሞች ጠብ ነው። በዚህ እንፈርምና እንሂድ።»

«በምን ተጣሉ?» አለ የደኅንነቱ ሰው።

«ምን ቁም ነገር አለው? ሁለት ጓደኛሞች…»

«እሱን ነው የጠየቅሁት።»

ዳኘው ወደ እሌኒ ተመለከተ።

«ልገድለው አልመጣሁም» አለ። «ልጆቼን አስብልኝ፣ አትሂዱብኝ አልሁት። ዝም አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አሁንም ዝም። ተነሳሁና ገፋሁት።»

«ወዴት እንዳይሄዱብህ ነው?»

አካሉ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። መሪጌታው መስቀላቸውን ጨበጡ። ዳኘው የሚችለውን ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ዋሳቸው ነበርሁ» አለ።

የደኅንነቱ ሰው ሌላ አልጠየቀም። ወደ እሌኒ ሄደና እጁን ለቦርሳው ዘረጋ።

ከቀትር በኋላ ዳኘውንና እሌኒን በአንድ ላንድሮቨር ጭነው ወደ ባሕር ዳር ወሰዷቸው። መቶ አለቃ አካሉ ከፊት ተቀምጦ ነበር። አንዳርጋቸውን በማግስቱ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በደብሩ ግቢ ቀበሩት።