የመስመር ዳኛዋ ሚጢጢ

«እኔ? እትዬ፣ በናትሽ ሌላ ሰው ፈልጊ!»

ሚጢጢ ይህን ስትል ባንዲራው እጇ ገብቶ ነበር። ታላቅ እህቷ የዳኛ ማሊያዋን ለብሳ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ፊቷ ቆማለች። በዚህ ሜዳ የወንዶችን ጨዋታ በመሀል ዳኝነት ስትመራ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ከሁለቱ የመስመር ዳኞች አንዱ ግን «እኔ ሴት እያዘዘችኝ አልሮጥም» ብሎ ቦርሳውን አንግቶ ሄዷል።

«ለዳኝነት ፈተናው ሳጠና ጥያቄ ስትጠይቂኝ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለች እህቷ። «ደንቡን ከእኔ በላይ ሸምድደሻል። ነይ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሚጢጢ ወደ ተመልካቹ ሰረቅ አድርጋ አየች። የክፍሏ ልጆች ደረጃው ላይ ተኮልኩለው ይዘፍናሉ። ዋንጫው የሚለይበት ጨዋታ ነው። የትምህርት ቤታቸው አጥቂ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቧ የሚቀመጠው ጓደኛዋ ነው፤ አዘላለሉን አይተው ፌንጣ ብለውታል።

ፊሽካው ተነፋ።

«ዳኛ! ድስት ጥደሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከደረጃው። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እህቷ ዘወርም አላለችም፤ ኳሷ የምትደርስበት ሁሉ ቀድማ ትገኛለች። አንዱ ተጫዋች ማንም ሳይነካው ወድቆ ሲንፈራገጥ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና «ተነስ የኔ ጌታ፣ ሳሩ ላይ ይበርድሃል» አለችው። ልጁ ራሱ ሳቁ አመለጠው።

ሚጢጢንም ፍርሃቷ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ከተከላካዮቹ እኩል መስመሩን ይዛ ስትሮጥ፣ ንፋሱ ጆሮዋ ላይ ሲያፏጭ ደስ ደስ አላት። ጨዋታ እንዲህ ከቅርብ ሲታይ ሌላ ነገር ነው ለካ!

የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ከመሀል ሜዳ ረጅም ኳስ ተለጋ። ኳሷ ስትለጋ ፌንጣ ተከላካዮቹን አልፎ ቆሞ ነበር፤ በጥቂቱ፣ ግን አልፎ። ዘለለ፣ በግንባሩ ገጫት፣ መረቡ ተርገበገበ። የክፍሏ ልጆች ደረጃውን ቀወጡት።

እህቷ ርቃ ስለነበር ወደ መስመሩ ዞራ አየቻት።

የሚጢጢ ክንድ እንደ ድንጋይ ከበደ። ባታነሳው ማን ያውቃል? ፌንጣ ራሱ ልብ አላለው ይሆናል።

ባንዲራው ወደ ላይ ወጣ፤ ከጨዋታ ውጪ። እህቷ ፊሽካዋን ነፋች፤ ጎሉ ተሻረ።

«ኧረ ምን ነካሽ! የኛ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ከሃዲ!»

«አንቺ ልጅ!» አለ ያ ወፍራም ድምፅ፣ ከደረጃው ወርዶ የሜዳውን መስመር ረግጦ። «እስቲ አሁን ምን አይተሽ ነው?»

ሚጢጢ ከየት እንዳመጣችው ሳታውቅ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም መስመር አልፈዋል! ይመለሱ!» አለች። ሕዝቡ ፈነዳ። ሰውዬው እግሩን አየና እንደ ተማሪ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ፌንጣ ግን አልሳቀም። እያለከለከ መጥቶ ፊቷ ተገተረ።

«ሚጢጢ፣ እየቀለድሽ ነው?»

«ቀድመህ ነበር።»

«በስንት?»

ጫማዋን ወደ ፊት ዘረጋች። «በዚህች።»

ጫማዋን አየ፣ ፊቷን አየ። «በዚህች? ይቺ እኮ የአሻንጉሊት ጫማ ናት!» አለና ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

በእረፍት ሰዓት እህቷ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«አለቀስሽ እንዴ?»

«ላብ ነው።»

«እሺ፣ ላብ ይሁን። ከፈለግሽ የሜዳው ጥበቃ ባንዲራውን ይይዝልኛል። አልቀየምሽም፣ እውነቴን ነው።»

በዚህ መሀል አንድ የውሃ ጠርሙስ እየተሽከረከረ የሚጢጢ እግር ስር አረፈ። የወረወረው ፌንጣ ነው።

«ጠጪ!» ብሎ ጮኸ ከቡድኑ መሀል። «ቀጣዩን ሳገባ ዓይንሽ እንዳይፈዝ!»

ደረጃው ላይ ከክፍሏ ልጆች ገሚሱ አሁንም አኩርፈዋል። ሁለት ሴት ልጆች ግን ተነስተው እጃቸውን እንደ ባንዲራ ቀጥ አድርገው ያሳዩአታል። ፎገራ ይሁን አድናቆት አልለየላትም። ውሃውን ጠጣች፤ የተረፈውን አናቷ ላይ አፈሰሰችው፤ ከዚያ ዓይኗን በእጇ ከልላ ወደ ሰማይ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ልትገባ ነው» አለች። «ኮፍያ ይዘሻል?»