ደብር ፊት የማይነሣው መኪና

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ግንቦት፣ ክረምቱ ገና ሳይገባ ከሩቅ ማጉረምረም በጀመረበት ሰሞን፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው የበቆሎ ማሳ ሁሉ ታርሶ፣ ቀይ አፈሩን ለሰማይ ገልጦ ማዳበሪያ ይጠብቅ ነበር፤ ዘመኑም የግምገማ ዘመን ነበር። የቀደሙት መንግሥታት በነጋሪትና በግብር ይታወቁ እንደነበረ፣ ያ መንግሥት በስብሰባ ይታወቅ ነበር፤ ዝናብ ቢዘገይ ይገመገማል፤ ዝናብ ቢበዛም ይገመገማል፤ ተገምግሞም ግለ ሂስ ሳያደርግ፣ ማለትም በገዛ አፉ ጥፋቱን ሳያምን፣ ከአዳራሽ የወጣ ፍጡር አልነበረም።

በዚያ ዘመን ቢሆነኝ የሚባል የጅጋ ሰው፣ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር የናፍጣ ጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ተሹሞ ነበር። ሹመት ማለታችን ያለ ነገር አይደለም፤ ገበሬው ከወረዳው አስተዳዳሪ ይልቅ የቢሆነኝን ጥሩምባ ሲሰማ ይነሣ ነበርና። ደግሞም እንደ ብዙ ሹፌሮች አልነበረም፤ ከሚስቱ ከእታለም ጋር በቁርባን የተጋባ፣ በመንገድ ላይ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ፍጥነቱን ቀንሶ የሚያማትብ ሰው ነበር።

ማዳበሪያው የሚራገፈው እሑድ እሑድ፣ ገበሬው ከቅዳሴ ወጥቶ በሚሰበሰብበት በየደብሩ ቅጽር በር ላይ ነበር፤ የዚያ አገር ደብር ደግሞ ያለ ኮረብታ አይተከልም። ቢሆነኝም ዳገቱን ወጥቶ ሞተሩን ያጠፋል፤ ወርዶ ይሳለማል፤ ጭነቱ እስኪራገፍ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ያጓራል፤ አይነሣም።

ችግሩ ሁልጊዜ ቢሆን ኖሮ ችግር ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን መኪናው በፍኖተ ሰላም ገበያ ይነሣል፤ በቡሬ መናኸሪያ ይነሣል፤ በማደያ ይነሣል፤ የማይነሣው ደብር ፊት ነው። ይህም ሳያንስ፣ ገበሬዎች ተረባርበው ወደ ኋላ አንሸራትተው፣ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ሲገፉት፣ ገና ጥቂት እንደ ተንከባለለ ቡፍ ብሎ ይነሣል።

«አያችሁልኝ?» አሉ በጊዮርጊስ ደብር አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው፤ «ፊቱን ከጊዮርጊስ ሲያዞር ተነሣ!»

«ኧረ አባቴ፣ መኪና እኮ ነው» አለ ቢሆነኝ።

«መኪናውንማ ማን ነካው ልጄ? እኛ የምንለው ስለ ነጂው ነው።»

ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ጅጋ ገባ። ቆራቢ ሰው በደብር ፊት የሚታገደው ምን ቢያደርግ ነው የሚለው ጥያቄ፣ በገበያው ውስጥ መልሱን ይዞ ነበር የሚዞረው፤ መልሱም ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ጠጅ ቤት ያላት፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ስሟ በየአፉ የሚለዋወጥ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለች ሴት በቡሬ አልነበረችም፤ ያም ሆኖ አየኋት የሚል ሰው አልጠፋም።

እታለምም ይህን ሰማች። ኩርፊያዋ ሲከብደው ቢሆነኝ ራሱ ወሬውን አነሣው።

«አንቺ ሴት፣ ናፍጣ ነው እያልኩሽ እኮ ነው!»

«ገበያ ላይ የሚነሣ፣ ጊዮርጊስ ፊት የሚለግም ናፍጣ አለ?»

«ይኖራላ!»

«እንግዲያው ናፍጣው ቆርቦ ይሆናል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያች ዕለት ጀምሮ ቢሆነኝ የሚፈልገው ማዳበሪያውን ማድረስ አልነበረም፤ በሚስቱ ዓይን የነበረውን ስሙን ማስመለስ እንጂ።

ማኅበሩ ግን በማዳበሪያው መዘግየት ግምገማ ጠራ። ሊቀመንበሩ ጓድ ደጀኔ፣ እስክሪብቶ በደረት ኪሳቸው ደርድረው የሚሄዱ፣ ለማንኛውም ችግር መንስኤው ከሦስት አንዱ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ፦ የአቅም፣ የአደረጃጀት፣ ወይም የአመለካከት።

«መኪናው አቅም አለው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ተነሥቷል» አሉ ጓድ ደጀኔ። «አደረጃጀታችንም ተፈትሿል። የቀረን አመለካከት ነው፤ ጓድ ቢሆነኝ።»

«እርስዎ ያውቃሉ ጓድ ሊቀመንበር፤ እኔ የማውቀው ግን ሞተሩ እንደሚዞር፣ እንደማይነሣ ነው።»

«ይኸ ውጫዊ ምክንያት ነው። ወደ ውስጥህ ተመልከት።»

ቢሆነኝ ወደ ውስጡ ተመለከተ፤ ከቁርሱ በቀር የሚታየው አልነበረም። ሰዓቱ ግን ነጎደ፤ ተሰብሳቢው ራበው፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወዳጁ ጎንበስ ብሎ «አንተ ሰውዬ፣ የሆነ ነገር በልና ምሳ እንብላ!» አለው። እውነትም፣ በዚያ ቤት ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ይል ነበር፤ ባለፈው ሰሞን የማኅበሩ ዘበኛ በግለ ሂስ የሚያምነው ነገር ቢጠፋው፣ ለአገር ያለው ፍቅር የሚፈለገውን ያህል እንዳልሆነ አምኖ ነበር የተፈታው።

«እንግዲህ…» አለ ቢሆነኝ ተነሥቶ፣ «አንዳንድ… የሥነ ምግባር ክፍተቶች አሉብኝ። በሂደት አርማለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጓድ ደጀኔም መኪናውን አስመርምሮ እንዲመለስ ቁልፉን ሰጡት፤ ሁሉም ወደ ምሳው ሄደ።

ፍኖተ ሰላም ላይ ያምሮት የምትባል፣ በቴክኒክ ኮሌጅ የተማረች መካኒክ ነበረች። ይህን መኪና ቀድሞም አይታዋለች፤ አንድ ጊዜ የባትሪውን ገመድ ቀይራ፣ ሌላ ጊዜ ሞተሪኖውን፣ ማለትም የሞተሩን ማስነሻ፣ ፈትታ ጠርጋ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተሳስታ ነበር፤ መኪናው እርሷ ፊት እንደ ደኅና ልጅ ይነሣ ነበርና።

«ደግሞ መጣህ አያ ቢሆነኝ? ይኸ መኪናህ እኔን ያፈቅረኛል መሰል።»

«አትቀልጂብኝ እቴ። ትዳሬ እየፈረሰ ነው።»

ያምሮት ፈገግታዋን ዋጠች፤ ሞተሩንም ሳትነካ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስለ ቦታው ትጠይቀው ጀመር። «ጊዮርጊስ ስትደርስ እንዴት ነው የምታቆመው?»

«እንዴት ብዬ አቆማለሁ? ፊቱን ወደ ቅጽሩ ነዋ! ጀርባ ሰጥቼ፣ ጭሱን ወደ መቅደስ ላስተፋው?»

«ቅጽሩ ከላይ ነው?»

«ከላይ ነው እንጂ። ደብር ከታች ታውቂያለሽ?»

ያምሮት ከጎማው ላይ ተነሣች። መኪናውን አስነድታ የፊት እግሮቹን በጋራዡ ጥግ በተከመረ የአፈር ቁልል ላይ አሰቀለችው፤ ሞተሩን አስጠፋች፤ ወሬ እያወሩ ቆዩ። ከዚያ ቢሆነኝ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተሽከረከረ፤ አጓራ፤ አልነሣም አለ። ሰው መኪናው እምቢ ሲለው የሚያለቅስ እንጂ የሚደሰት በዚያች ከተማ ታይቶ አይታወቅም፤ ቢሆነኝ ግን ከወንበሩ ዘሎ ወርዶ «ተመስገን! ተመስገን!» እያለ የያምሮትን በዘይት የተነከረ እጅ ሳመ።

ያምሮትም ከመኪናው ሥር ገብታ፣ ናፍጣውን ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቧንቧ ከብረት ጋር እየተፋተገ በፀጉር ያህል ተሰንጥቆ አገኘችው፤ ናፍጣ የማያንጠባጥብ፣ አየር ግን የሚያስገባ ስንጥቅ። መኪናው ደልዳላ ላይ ሲቆም ጉዳት የለውም፤ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ሲቆይ ግን ናፍጣው በስንጥቁ ለገባው አየር ቦታውን ለቅቆ ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ሞተሩም ባዶ አየር ይጠጣል፤ አፍንጫው ቁልቁል ሲዞር ደግሞ ናፍጣው ራሱ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ከመናኸሪያም ከማደያም ለይቶ ደብር ላይ ያስቆመው፣ የነጂው አክብሮት ነበር።

ቧንቧው ተቀየረ። ቢሆነኝ በሚቀጥለው እሑድ እታለምን አሳፍሮ ኮረብታውን ወጣ፤ ፊቱን ወደ ጊዮርጊስ አድርጎ አቆመ፤ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሁሉ እያየ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። ሴቶች እልል አሉ። እርሱም አሮጌውን ቧንቧ ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ለሚስቱ አሳያት፤ ስንጥቁን በጥፍሩ እየከፈተ አስረዳት።

እታለም ቧንቧውን አገላብጣ አየችው። «እሺ» አለች፤ «ቧንቧው ተሰንጥቋል። ገባኝ።»

«ተመስገን!»

«አዳራሽ ቆመህ ያመንከውስ? ክፍተት አለብኝ ያልከው?»

«እሱማ… እሱማ ግለ ሂስ ነው እኮ! ሁሉም ሰው የሚለው ነው!»

«ሁሉም ሰው ያደርጋላ።»

ቢሆነኝ ቧንቧውን መልሶ ከመቀመጫው ሥር ወሸቀው። ለቧንቧ መካኒክ አለ፤ በሕዝብ ፊት ወድዶ ላመነው ኃጢአት ግን መለዋወጫ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም አይሸጥም ነበር። አሁን ደግሞ ነጂው ጥፋት ቢኖርበትም ባይኖርበትም መኪናው በየደብሩ ይነሣልና፣ ጊዮርጊስ እንኳ ስለ ንጽሕናው የሚመሰክርበት መንገድ ተዘግቷል።

የዚያ ዓመት ማዳበሪያ በወቅቱ መድረሱ፣ ይህም የሹፌሩ አመለካከት በመስተካከሉ የተገኘ ውጤት መሆኑ በጓድ ደጀኔ አንደበት በየመድረኩ ተነገረ፤ የደብሩ ሰዎች ደግሞ ቢሆነኝ ንስሐ ገብቶ ሰማዕቱ ይቅር እንዳለው ለልጆቻቸው አወሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘመን ተለወጠ፤ ጓድ መባባሉ ቀረ፤ የአዳራሹም ወንበሮች ለሰርግ ይከራዩ ጀመር። ስለ ስንጥቁ ያወሳ የለም።

እታለም ግን ከዚያች እሑድ ጀምሮ ክረምቱን በሙሉ፣ ጭቃ ሳትል ዶፍ ሳትል፣ ከባሏ አጠገብ በጋቢናው ተቀምጣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ተመላለሰች። መንገደኛ ሁሉ ፍቅራቸውን እያየ ቀና። በሚስትነት ትሁን በዘበኝነት የተጓዘችው፣ ታሪክ አላቆየልንም፤ ቢሆነኝም ደፍሮ አልጠየቃትም።